ለይጁቤ የመረጥኩት ሼል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ ደርበውልኝ ንግግር አደረጉ። አንዱ ተነሥቶ "እንደ አቶ ከድር ያለ ጠንቃቃ ሰው አይተን አናውቅም፤ ቅጂ ሳያስቀምጥ አንዲት መስመር ነክቶ አያውቅም" ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጋቢውን አስተካከልኩ። ጠንቃቃ! ወላሂ፣ ጠንቃቃ አይደለሁም። ፈሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ ተመድቤ ደብረ ማርቆስ የገባሁ ቀን ፈርቼ ነበር፤ ሥራውን ስለቅም ፈርቼ ነው የለቀቅሁ። ሰው ፍርሃቴን ጥንቃቄ ብሎ ሲያመሰግነኝ ኖረ፤ እኔም ምስጋናውን እየዋጥኩ ኖርኩ። አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ከሥራ የሚያባርረኝ የለም። ስለዚህ እውነቱን ልናገር።

መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም። የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ የሚመዘግብ ማእከል ነበር ብል ይበቃል። ዘመኑ የእኛው የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ደብረ ማርቆስ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ይጁቤ፣ ደጀንና ሌሎች ሁለት ከተሞች ያሉት የመዝገብ ሠራተኞች ግን የነበራቸው ተርሚናል ብቻ ነው፤ ማለትም ስክሪንና ፊደል መምቻ። በስልክ መስመር ይደውሉና የእኛው ማሽን ላይ ገብተው ይሠራሉ። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ ሁሉም ነገር የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር።

እንዲህ ከሩቅ የሚገባ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲሰጥ የሚቀበለው ፕሮግራም አለ። ሼል ይባላል። የምትጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያደርስልህ እሱ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ለማን የትኛው ሼል እንደሚሰጥ መምረጥና ማስተካከል ነበር። ሙሉውን ሼል ከሰጠኸው ሰውየው የፈለገውን መክፈት፣ መቅዳት፣ መሰረዝም ይችላል። የታጠረውን ከሰጠኸው ከራሱ ማህደር አይወጣም። ሥራ ለለቀቀ ሰው የሚሰጥም አለ፤ እሱ "አይቻልም" ብሎ በሩን ይዘጋል። ለመዝገብ ሠራተኞቹ የምንሰጠው ገና ሲገቡ የምዝገባውን ቅጽ የሚከፍት፣ ከቅጹ ሲወጡ ደግሞ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሼል ነበር። ተራ ነገር ይመስላል አይደል? እኔ ግን አንድ ፊደል ባሳስት አራት ከተማ ውጭ እንደሚያድር አውቅ ስለነበር የሼሉ ምርጫ የሚጻፍበትን ፋይል ሳልፈራ ከፍቼ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ልየው ናቸው። የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲማ ወርደው ቅኔ ተምረዋል፤ በኋላ ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የዞሩት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናደዱም ድምፃቸው የማይጨምር ሰው ነበሩ። የሰው ሼል ሲቀይሩ ሁልጊዜ በሁለት ተርሚናል ይገባሉ። በአንዱ ይቀይራሉ፤ ሌላውን እንደተከፈተ ይተዉታል። አዲሱ እንደሚያስገባ በሦስተኛ ተርሚናል ሞክረው እስኪያረጋግጡ ድረስ ያን ክፍቱን ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም። "የገባህበትን በር ዘግተህ መግቢያ አትፈልግ" ይሉኛል። አዲስ ነገር ሲያወጡ ደግሞ መጀመሪያ ራሳቸው ላይ ነው የሚጭኑት። ሳምንት ሙሉ በታጠረ ሼል ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ፣ አለቃው እሳቸው ሆነው!

ከሁሉ የሚገርመኝ ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ለአንድ ቅርንጫፍ ሼል ከመምረጣቸው በፊት በአውቶቡስ ይሄዱና ከሠራተኛው ጀርባ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አይሉም። እርሳስና ብጣሽ ወረቀት ብቻ ይይዛሉ። አንድ ጊዜ ደጀን ይዘውኝ ሄዱ። የደጀኗ ሠራተኛ ስክሪኑ የቆመ ሲመስላት ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ትጫናለች፤ ያኔ ከቅጹ ትወጣና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትቀራለች። ግራ ሲገባት "ኧረ መልሰኝ" ብላ ጻፈችለት። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። አቶ ልየው አልሳቁም፤ ወረቀታቸው ላይ ጻፉ። በማግስቱ እነዚያ ቁልፎች ሲነኩ ቅጹ ራሱ ተመልሶ እንዲከፈት አደረጉላት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ "ሲሠራ ላላየኸው ሰው ሼል አትምረጥ" አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ገዶኝ!

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሀገራቸው ደብረ ኤልያስ ገቡ፤ ማሽኑ በእኔ እጅ ቀረ። በዚያው ዓመት ከቅርንጫፎቹ በአንዱ አንድ ሠራተኛ ተርሚናሉን እንደከፈተ ምሳ ሄደ፤ ያልታወቀ ሰው ገብቶ ሁለት መዝገብ ሰረዘ። ከቅጂው መለስናቸው። የማእከሉ ኃላፊ ግን ቢሮው ጠርቶ ጠረጴዛውን እየደበደበ "ከእንግዲህ ክፍት ተርሚናል ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የምጠይቀው አንተን ነው! ገባህ?" አለኝ። ገባኝ እንጂ፣ እንዴት አይገባኝ! ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ማሽኑ ክፍል ገባሁ።

መላ ያልኩትን በዚያው ከሰዓት አገኘሁ። ሼሉ የሚያነባት አንዲት መስመር አለች። ሰውየው ይህን ያህል ሰከንድ ምንም ሳይጽፍ ከተቀመጠ አስወጣው ትላለህ፤ ያስወጣዋል። እኔ ሦስት መቶ ሰከንድ ብዬ ጻፍኩ፤ አምስት ደቂቃ ማለት ነው። ለሁሉም ተጠቃሚ፣ ለሁሉም ቅርንጫፍ፤ ማንም እንዳይቀይራትም ቆለፍኳት። ሁለት ተርሚናል መክፈቱን አልረሳሁም። በራሴ ስም ገብቼ፣ እጄን አጣምሬ፣ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ። ልክ በአምስተኛው ደቂቃ አስወጣኝ። ደስ አለኝ።

የሞከርኩት ግን በእኔ ሙሉ ሼል ነው፤ ትእዛዝ በሚጠብቀው ባዶ መስመር ላይ። ቅጹን ከፍቼ አልሞከርኩም። ይጁቤም አልሄድኩም። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነበር እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው። ኃላፊው ጠርቶ ቢያጣኝስ ብዬ ፈርቼ ነው የቀረሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔስ ያፈሰስኩትን ለቅሜ አልጨረስኩትም።

ሦስት ሳምንት ያህል ሰላም ነበር። አንድ ጠዋት ከይጁቤ የኔዓለም ደወለች። የዚያው ቅርንጫፍ የመዝገብ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት።

"አቶ ከድር፣ እንደምን አደሩ? ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ደኅና?" አለች፤ በዚያ በውድ ስልክ! ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "እማማ አትጠገብ ወራሽ የለም ተብሎባቸዋል።"

"እማማ አትጠገብ ማን ናቸው?"

ነገረችኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ናቸው። የባላቸውን ሁለት ጥማድ መሬት በስማቸው ለማዞር መጥተው እሷ ራሷ ነች የመዘገበቻቸው። አሁን ከማእከል ታትሞ የመጣው ዝርዝር "ባለይዞታ ሞቷል፤ የትዳር ጓደኛ የለም፤ ልጅ የለም" ይላል። ወራሽ የሌለው መሬት ደግሞ ለሌላ ይሰጣል፤ የቀበሌው ኮሚቴ ሊያከፋፍለው ቀን ቆርጧል።

"ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸው የለም ወይ?" አልኳት።

"ያውቃቸዋል እንጂ! ኮሚቴው ግን ማህተም ያለበትን ወረቀት እንዴት አድርገን እንሽር ብሎ ፈራ። አቶ ከድር፣ እኔ እኮ ስማቸውን ጽፌያለሁ፤ የጻፍኩ ይመስለኛል። አሁን ጉቦ በልታ ነው ይሉኛል።"

"ቆዪ፣ ልመልከተው" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቅጹ ለእያንዳንዱ መልስ ሰዓት ይመዘግባል። የእማማ አትጠገብን አወጣሁ። የትዳር ጓደኛ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ባዶ ነው፤ ባዶ መልስ ደግሞ "የለም" ተብሎ ይታተማል። ጥያቄው ከወጣ እስከ መልሱ ድረስ ያለፈው ጊዜ ልክ አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ፣ ሰከንድ ሳይዛነፍ!

ተነሥቼ የክፍሉን በር ቆለፍኩ። በይጁቤ ስም ገባሁ፤ ቅጹን ከፈትኩ፤ የትዳር ጓደኛ ስም የሚለው ጥያቄ ላይ ደርሼ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። ጠበቅሁ። አምስት ደቂቃ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ያ አላህ፣ አስወጣኝ፣ እንደዚያኛው ቀን አስወጣኝ እያልኩ ጸለይኩ። አላስወጣኝም። ማንም ሳይነካው ጠቋሚው ራሱ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። "የልጆች ስም" ይላል ስክሪኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ መስመር ባዶ ትእዛዝ መስመር ላይ የተቀመጠን ሰው ታስወጣለች። ቅጹ ግን ራሱ በሼሉ ትእዛዞች የተጻፈ ስለሆነ እሱ ውስጥ መልስ መጠበቁን ብቻ ነው የምታቋርጠው፤ ቅጹም ባዶውን እንደ መልስ ተቀብሎ ያልፋል። ቅጹ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስለሚያሳይ ያለፈው ከስክሪኑ ይጠፋል። ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነሥታ ስትመለስ የምታየው ቀጣዩን ጥያቄ ነው፤ የፊተኛውን መልሼዋለሁ ብላ ትቀጥላለች። አዲስ አበባ እንደለመድኩት፣ ባለጉዳይ ፊቱ ቁጭ ብሎ ለአምስት ደቂቃ የሚነሣ ሠራተኛ የለም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይጁቤን አላሰብኩም።

መስመሯን በዚያው ሰዓት አነሣኋት። ከዚያ ልክ በአምስት ደቂቃ ባዶ የተመለሱትን ሁሉ ፈለግሁ፤ ከእማማ አትጠገብ ሌላ አምስት ሰዎች ተገኙ። የእነዚያ ገና አልታተመም ነበር። ቅርንጫፎቹ ጋ ደውዬ "ፋይሉ ትንሽ ስለተበላሸ እንደገና ጠይቃችሁ ሙሉ" አልኩ፤ ሞሉት። ማንም ምንም አልጠረጠረም። የቀሩት እማማ አትጠገብ ብቻ ነበሩ። የእሳቸው ማህተም ተመትቶበት ስለወጣ ሊቃና የሚችለው ስሕተቱ የማእከሉ ነው ብሎ ፊርማውን በሚያሳርፍ ሰው ደብዳቤ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ጻፍኩት። ቀደድኩት። መዝገብ ያበላሸ ሠራተኛ ይከሰሳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ እስር ቤቱን አሰብኩ። ኃላፊው በኮሪደር ሲያልፍ የጫማውን ድምፅ ለይቼ አውቀው ነበርና ወረቀቱን ቶሎ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ነገ ይመጣል። የኔዓለም በየቀኑ ትደውላለች፤ "እያየሁት ነው" እላታለሁ። እህል አልወርድልህ አለኝ፤ ሚስቴ ወባ ነው ብላ ደንግጣ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆንኩ።

በዘጠነኛው ቀን ደብረ ኤልያስ ሄጄ አቶ ልየውን አገኘኋቸው። ደጃቸው ላይ ቆመን ሁሉንም ተናዘዝኩላቸው፤ መስመሯን፣ ጠቋሚውን፣ የቀደድኳቸውን ደብዳቤዎች። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ይጁቤ ሄደሃል?" አሉኝ።

"አልሄድኩም።"

"እስካሁን?"

"ፈራሁ፣ አቶ ልየው።"

"በል ሂድ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ውሃ እንኳ ጠጣ አላሉኝም። ያን ያህል የተናቅሁበት ቀን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ይጁቤ ነበርኩ። የኔዓለም ቢሮ ገብቼ ከጀርባዋ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሷ አንድ ገበሬ እየመዘገበች ሳለ ነጠላቸውን ያጣፉ መሪጌታ ገቡ። ጥያቄውን እንደተከፈተ ትታ ብድግ አለች፤ ገበሬውም ብድግ፤ እኔም ሳላስበው ተነሣሁ። "እንደምን አደራችሁ?" "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ አባታችን?" "ልጆች ደኅና ናቸው?" "ደኅና፣ ይመስገን።" "ከብቱስ?" "አዝመራውስ?" "ያች የታመመችው እኅትሽስ?" መሪጌታ እስኪቀመጡ ድረስ እሷ አልተቀመጠችም፤ ተቀምጠውም አንገቷን ሰበር አድርጋ ምርቃታቸውን ተቀበለች። ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ደቂቃ።

"የእማማ አትጠገብ ቀንም እንዲሁ ነበር?" አልኳት።

"አዎ፤ እኒሁ አባታችን ገብተው። ታዲያ ቁጭ ብዬ ልቀበላቸው ኖሯል?" አለች፤ ነውር የጠየቅኋት ያህል ዓይኗን አፍጥጣ።

"ስሕተቱ የእኔ ነው፣ የኔዓለም። የኔ ብቻ። ካወቅሁት ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው" አልኳት። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ወስጄ ደብዳቤውን እዚያው ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ድፍረት መጥቶልኝ እንዳይመስላችሁ፤ እየፈራሁ ነው የፈረምኩት። እሷ አንብባ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ "መሬቱ እኮ ትናንት ወዲያ ተከፍሎ ታረሰ፤ ትናንት ጤፍ ተዘራበት" አለችኝ።

ለእኔ የመጣብኝን በአጭሩ ልናገር። አልታሰርኩም። ከደረጃዬ ዝቅ ተደረግሁ፤ ከደመወዜም ተቀነሰ፤ ሁለት ዓመት እንዲያ ሠራሁ። ኃላፊው ጮኸ፤ ዘጠኝ ቀን የፈራሁት ጩኸት ሩብ ሰዓት አልቆየም። የተዘራ መሬት ግን እህሉ ሳይነሣ አይመለስምና እማማ አትጠገብ ያን ዓመት ከሰው ቤት እየተመጸወቱ ነው የከረሙት። ከመኸር በኋላ ሁለቱም ጥማድ በስማቸው ዞረላቸው።

ያን ቀን፣ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ፣ የኔዓለም ወደ እሳቸው ወሰደችኝ። ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ትንሽ፣ ጠይም፣ ፊታቸው የተጨማደደ ሴት ናቸው። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሼሉ አይገባቸውም ብዬ ሳልዘል፣ ማሽኑ መልስ ሲጠብቅ እንዳይጠብቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

"ሰው ነህ፤ ሰው ይሳሳታል" አሉኝ። "እኔስ የደኃ መሬት ለሌላ የሚያሳርስ አንድ ክፉ ሰው መስለኸኝ ነበር። መቼ አወቅኸው?"

"ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው፣ እማማ።"

"መሬቱ የታረሰ ትናንት ወዲያ ነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ እነዚያን ቀኖች ምን ትሠራ ነበር?"

የተዘጋጀሁበት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ደብዳቤው፣ ማህተሙ፣ ሕጉ። ሁሉንም ተውኩት። "ፈርቼ ነበር፣ እማማ" አልኩ።

ዞር ብለው ትኩስ የተዘራውን መሬት አዩ። ኮሚቴው በሬ አስጠምዶ የመጣ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ትልሙ ላይ ቆመው እንደነበር፣ ሊቀመንበሩ "እማማ፣ ከወረቀት ጋር አይጣሉ" ብሎ ክንዳቸውን ይዞ እንዳወጣቸው የኔዓለም በመንገድ ነግራኝ ነበር።

"እኔም ፈርቼ ነበር" አሉኝ። "እግሬ ሲንቀጠቀጥ አገሬው ሁሉ አይቷል። እኔ ግን በሬዎቹ ፊት ቆሜ ነው የፈራሁት፣ ልጄ።"